በጥንቃቄ የተበላሸው ኮሚክ

ወገኖቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ ታሪክ ስለ ክፉ አባት አይደለም። ክፉ አባት ብዙም አያስተምርም፤ ሁላችንም «እኔስ እንደሱ አይደለሁ» ብለን እናልፈዋለን። መሐመድኑር ግን ደግ አባት ነው፤ ለልጁ ነፍሱን አይሰስትም። እኔንም ያሳሰበኝ ይኸው ነው፤ እሱ ቤት የደረሰው ነገር በብዙዎቻችን ቤት በየቀኑ ይደርሳልና።

መሐመድኑር የደሴ ልጅ ነው። አሁን ሜልበርን፣ ፖይንት ኩክ ውስጥ፣ ከባለቤቱ ከዙሃራና ከአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ከኒስሪን ጋር ይኖራል። ሥራው ፍሪጅና ኤሲ መጠገን ነው፤ እጁ ይባረክና፣ ሌላው «ጣሉት» ያለውን ፍሪጅ አስነስቶ በረዶ ያሠራዋል። ከፍሪጅ ቀጥሎ ደግሞ የሚወደው ነገር ወረቀት ላሚኔት ማድረግ ነው። ልጅ ሳለ የስምንተኛ ክፍል የፈተና ካርዱን ዝናብ አበስብሶበት ስንት ቢሮ ተንከራቷልና፣ ፕላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት ባየ ቁጥር ብርድ ብርድ ይለዋል። ሆፐርስ ክሮሲንግ ከአንድ ቤት የጋራዥ ሽያጭ ላይ የላሚኔት ማሽን የገዛ ዕለት፣ በቤቱ ያለ ወረቀት ሁሉ ፕላስቲክ ለበሰ፤ የልደት ሰርተፊኬቱ፣ የጋብቻ ውሉ፣ የክትባት ካርዱ። ዙሃራ የአስቤዛ ዝርዝሯን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችውና በኋላ እሱንም ፕላስቲክ ለብሶ አገኘችው።

«ይህን ደግሞ ምን ይሁን ብለህ ነው?»

«በሚቀጥለውም ሳምንት ወተት እንገዛ የለም እንዴ?» አላት።

ኒስሪን በበኩሏ ኮሚክ ትሰበስባለች፤ ያ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበትን ቀጭን መጽሔት። የኪስ ገንዘቧን ይዛ፣ ሰው የለገሰው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ኦፕ ሾፖች ታስሳለች። ካርቶን ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮሚክ ካገኘች ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይበራል። ታነበዋለች፣ ሥዕሉን ታጠናዋለች፣ ከዚያም ቁጭ ብላ የራሷን ትስላለች። አባቷ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ «ካርቱን» ይለዋል።

«እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ ዶክተር እንድትሆኚ ነው ወይስ ካርቱን እንድታዪ?»

«ኮሚክ ነው አባዬ፣ ካርቱን ሌላ ነው፤» ትለዋለች በእንግሊዝኛ። በዚያ ቤት አባት በአማርኛ ይናገራል፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ይግባባሉ ተብሎ ይታሰባል።

አንድ ቀን ኒስሪን ብሬብሩክ ካለ ኦፕ ሾፕ፣ ከድሮ የወጥ መሥሪያ መጽሐፎች ሥር፣ «የጨረቃዋ ፖስተኛ» የተባለውን ኮሚክ የመጀመሪያ ዕትም በሁለት ዶላር አገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን ዞር ብሎም አያየው። እሷ ግን ስለዚህ ዕትም ስታነብ የከረመች ናትና ወዲያው አወቀችው። ከአምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ሜልበርን ጥቂት ብቻ ታትሞ፣ አብዛኛው ቆሻሻ መጣያ የገባ ነው። ከእናቷ ጋር ከተማ ወርዳ ኬን ለሚባሉ አሮጌ የኮሚክ ነጋዴ አሳየቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን ሁለቴ ጠራርገው አዩትና እንዲህ አሏት፦

«ባለበት ሁኔታ ይቆይልኝ። አታጽጂው፣ አትጠግኚው፣ የታጠፈ ጫፉን እንኳ አታቃኚው። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ የሰብሳቢዎች ገበያ አለ። እዚያ ጠረጴዛዬ ድረስ እንዲሁ እንዳለ ካመጣሽልኝ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር እከፍልሻለሁ።»

ኒስሪን ገንዘቡን የፈለገችው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ለወጣቶች የሚሰጥ የኮሚክ አሣሣል ኮርስ አለ፤ ክፍያው ከዚያው ገንዘብ ብዙም አይርቅም። አባቷን ስትለምነው «ለካርቱን ቤሳ ቤስቲን አላወጣም» ብሏታል። እናቷ ደግሞ «በራስሽ ገንዘብ ከሆነ ማን ይከለክልሻል?» ብላታለች። ስለዚህ ልጅቷ ኮሚኩን በስስ ላስቲክ ከተተች፣ ከጀርባው ካርቶን ደገፈችለት፣ መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችና ቀን መቁጠር ጀመረች።

መሐመድኑር ዋጋውን የሰማ ዕለት የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

«ለዚች? ለዚች ብጥስጣሽ? አንድ ሺህ ስምንት መቶ?»

«አዎ። አባዬ፣ ፕሊስ እንዳትነካው። ዋጋው ኮንዲሽኑ ነው፣ ባለበት መቆየቱ ነው፤» አለችው።

እሱ ግን በዚያች ደቂቃ ከደሴ የመጣለትን የዋትስአፕ ድምፅ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። «እሺ፣ እሺ፣ እንዳይበላሽ ነው አይደል፣ ገብቶኛል፤» አላት። የገባው ግማሹ ነው።

ገበያው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጓደኛው ሳላሀዲን አብሮት ቤት መጣ። ሳላሀዲን አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አጥቦና ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ሰው ነው። በዓለም ላይ ስላለ ገበያ ሁሉ ምክር አለው፤ ሳይጠየቅም ይሰጣል። መሐመድኑር በልጁ ሊኩራራ ብሎ ኮሚኩን አወጣና አሳየው። ሳላሀዲን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ ገበያ የሚወጣው? ሽቦው ዝጓል። ጫፉ ተበልቷል። ሽፋኑ ተሰንጥቋል። ወላሂ ፈረንጁ ነገ ይህን ሲያይ በግማሽ ዋጋ ነው የሚቀማት። እኔ መኪና ሳላጥብ ሸጬ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነትህን ነው። ግን ኒስሪን እንዳትነካው ያለችኝ መሰለኝ።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ደግሞ አባት የልጁን ዕቃ ለመንካት ልጁን ሊያስፈቅድ ነው? ለሷው ብለህ አይደል እንዴ! አሳምርላትና ነገ ሰርፕራይዝ አድርጋት።»

ወገኖቼ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ብትሆንም ለአባቷ መልእክት መልስ አታጣም። «ልንካው ወይ?» የምትል ሁለት ቃል ነበረች የምትበቃው። ሁለት ቃል መጻፍ ከበደውና ሦስት ሰዓት ሙሉ ደከመ።

በመጀመሪያ የዛጉትን የስቴፕለር ሽቦዎች በቀጭን ጉጠት ነቀለ፤ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም። ገጾቹን አንድ በአንድ ለያየ። ስንጥቁን በፕላስተር ያዘ። የተበላውን ጫፍ በማስመሪያና ሳላሀዲን ባቀበለው ምላጭ ቀጥ አድርጎ ከረከመ።

«ስሟን ጻፍበት እንጂ፤ ቢጠፋስ?» አለ ሳላሀዲን።

መሐመድኑር በልጅነቱ ደብተሩ ላይ ይጽፍ እንደነበረው፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ መጽሐፍ የኒስሪን መሐመድኑር ነው። ወድቆ ያገኘ ይመልስ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም እያንዳንዱን ገጽ ማሽኑ ውስጥ እያስገባ፣ ትኩስና አብረቅራቂ ሆኖ ከወዲያ ሲወጣ እየተቀበለ ደረደረ። በመጨረሻ ጎኑን በስቶ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ በጥምዝምዝ ፕላስቲክ ጠረዘው።

«ማሻአላህ!» አለ ሳላሀዲን ከልቡ። «አሁን ሦስት ሺህ ካልጠራችሁ ሞኞች ናችሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኒስሪን መደርደሪያዋን ብታይ ኮሚኩ የለም። ወደ አባቷ ሮጠች።

«እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤» አላት አባቷ ፈገግ ብሎ።

«ነክተኸዋል?»

«እጄን ታጥቤ ነው የያዝኩት፤ አብሽሪ።» አልዋሸም፤ እጁን ሁለቴ ነው የታጠበው። ቦርሳውን ግን «እዚያው ታዪዋለሽ» ብሎ አልከፈተላትም።

የሰብሳቢዎቹ ገበያ ከተማ መሀል ባለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ነጋዴው ኮሚኩን በሁለት ጣት፣ በጫፍ በጫፉ ነው የሚይዘው። መሐመድኑር ይህን ሲያይ በሆዱ አዘነላቸው፤ «ምስኪኖች፣ አንድ የላሚኔት ማሽን አጥተው፤» አለ። ኬን ኒስሪንን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለት ጓደኞቻቸውም የተባለውን ዕትም በዓይናቸው ለማየት አጠገባቸው ቆመዋል።

መሐመድኑር ቦርሳውን ከፍቶ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቋ አለ።

ኬን አዩት። ከዚያ ኒስሪንን አዩ። ኒስሪን ጥራዙን እያየች ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ቀልድ ነው?» አሉ ኬን። «ዋናው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ አይደል?»

«ዋናው ነው!» አለ መሐመድኑር በኩራት። ዝም ሲሉት ዋጋ ሊያስቀንሱ መሰለውና እንደ ገበያ ሰው ዕቃውን ማወደስ ጀመረ። «ከእንግዲህ መቶ ዓመት አይነካውም! አይቀደድም፣ አይበሰብስም፣ ብል አይበላው! ይመልከቱ!» አለና የያዘውን የውኃ ጠርሙስ ከፍቶ ጥራዙ ላይ አፈሰሰበት።

ከኬን ጓደኞች አንዱ ደረቱን ያዘ። ሌላው ፊቱን አዞረ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ሰው መጥቶ ከበባቸው፤ አንዲት ወጣት ስልኳን አውጥታ ቀረጸች። መሐመድኑር ውኃውን በእጅጌው ጠርጎ «ጠብታ አላስገባም!» አለ።

ኬን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጌታዬ፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ ብዙ የተበላሸ ነገር አይቻለሁ። ውኃ ያበላሸው፣ አይጥ ያበላሸው፣ ሕፃን ያበላሸው። እንዲህ በጥንቃቄ የተበላሸ ግን አይቼ አላውቅም።»

«ምኑ ተበላሸ? ተሠራ እንጂ!»

«የዛገው ሽቦ የራሱ ነበር። የተበላው ጫፍ የራሱ ነበር። ሰብሳቢ ሰው የሚገዛው አዲስነቱን አይደለም፤ አምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያድሰው መቆየቱን ነው። ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው በሰዓት ስድስት መቶ ዶላር አስወጥቶዎታል።»

ያኔ ነገሩ ለመሐመድኑር ገባው። ጆሮው ጋለ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ቅንድብ ላብጅ ብሎ ዓይን ማጥፋት የሚባለው ይኸው ነው። ኬን አዝነው «ለማስታወሻ ሃያ ዶላር ልስጥሽ?» ቢሏት ኒስሪን ራሷን ነቀነቀች። ጥራዙን አንሥታ፣ እንዳይንጠባጠብ በሻርፗ ጠርጋ፣ ለአባቷ መለሰችለት።

በመኪና ወደ ቤት ተመለሱ። ዌስት ጌት ድልድይ ላይ ሲወጡ ኒስሪን አፏን ከፈተች፤ በአማርኛ።

«አባዬ፣ የኔ ነበር።»

መሐመድኑር ልጁ በአማርኛ የተናገረችው እሱ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማት ብላ መሆኑ ገብቶታል።

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን አልጠየቅከኝም።»

«አባት ልጁን ያስፈቅዳል እንዴ?» አለ፣ እንደ ልማዱ። ተናግሮ ሳይጨርስ ቃሉ ለራሱም ደስ አላለውም። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒስሪን እጅግ ጨዋ ሆነች። «እሺ አባዬ።» «እሺ አባዬ።» ክርክር የለ፣ «ካርቱን አይደለም» የለ። መሐመድኑር በሦስተኛው ቀን ፈራ። የኮርሱን ክፍያ ልክፈልልሽ አላት፤ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አለችው። ክፍሏ ገብቶ ቢያይ መደርደሪያው ባዶ ነው። ኮሚክ የለም፣ ሥዕል የለም፣ እርሳስ እንኳ የለም። ልቡ ደንግጦ ዙሃራን ጠራት።

«ጣለችው እንዴ?»

«ምን ብላ ትጥላለች? ሁሉንም ትምህርት ቤት ወስዳ ሎከሯ ውስጥ ቆልፋበታለች። ‹እዚህ ካስቀመጥኩት አባዬ ያሳምርብኛል› ነው ያለችኝ።»

መሐመድኑር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያሳምርብኛል?»

«አዎ። ልጅህ የምትወደውን ነገር ከቤት አሸሸች። አንተ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ትጨነቃለህ፤» አለችው ዙሃራ። «የልጅ ነገር አንዱ ጥሬ አንዱ ብስል ነው ይባላል፤ ብስሉን ለመለየት እኮ መስማት ያስፈልጋል። የደንበኛህን ፍሪጅ ሳትጠይቅ ትፈታለህ?»

«አልፈታም።»

«ታዲያ ልጅህ ከደንበኛ ታንሳለች?»

ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። ከእኛ መካከል የልጁን መሳቢያ ሳያንኳኳ ከፍቶ፣ የሚወደውን ለጎረቤት ልጅ አንሥቶ ሰጥቶ፣ የሠራውን «አስተካክላለሁ» ብሎ አፍርሶ የማያውቅ ማነው? «የልጅ ነገር ነው» እንላለን። አዎ፣ የልጅ ነው፤ የኛ አይደለም።

እሑድ ዕለት ምሳ ላይ እንግዳ ነበር። ሳላሀዲን መጥቷል፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ይማምም መጥተዋል። ጋሽ ይማም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ ምክራቸው ግን አይከብዳቸውም። ሳላሀዲን የገበያው ወሬ ገና አልደረሰውምና ጥራዙን ከቡፌው ላይ አንሥቶ ለሽማግሌው ዘረጋ።

«ይዩልኝ ጋሼ! መሐመድኑር ለልጁ በገዛ እጁ የሠራላት ነው።»

ጋሽ ይማም ገጹን በጥፍራቸው አንኳኩ። «በል አላህ ይባርክህ! አባት ማለት እንዲህ ነው፤» አሉ።

ምስጋናውን ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አያጋልጠው። ኒስሪን ሳህኗን እያየች «እሺ» የሚል ፊት ይዛለች። መሐመድኑር ያንን ፊት አየና እጁን ከማዕዱ አነሣ። ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሼ፣ አይመርቁኝ። ያበላሸሁት ነው። ልጄ ፈልጋ ያገኘችውን፣ እንዳልነካው የለመነችኝን ነገር፣ ሳልጠይቃት ነክቼ ከጥቅም ውጪ አደረግሁባት። ስታስረዳኝም አልሰማኋትም።» ወደ ልጁ ዞረ። «ኒስሪን፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ያንቺን ነገር ሳልጠይቅሽ አልነካም።»

ሳላሀዲን ጣሪያውን ሲመረምር ቆየና «ምላጩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እኔንም ይቅር በይኝ፤» አለ በቀጭን ድምፅ።

ኒስሪን ዓይኗ ሞላ። «እሺ አባዬ፤» አለች፤ ይህኛው እሺ ግን ከወትሮው ሌላ ነበር። ቀጥላም፣ «ኮርሱ እስከ ማክሰኞ ይመዘግባል። አሁንም ትከፍልልኛለህ?»

«ዛሬውኑ! ግን…» አለ መሐመድኑር፣ ተጠንቅቆ፣ «ስትጨርሺ የሳልሽውን ማየት ይፈቀዳል?»

«ማየት ብቻ፤» አለች። ዙሃራ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ጋሽ ይማም ግን ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ኧረ ተው አንተ ሰው! አባት ልጁን ይቅርታ ጠየቀ ማለት ቤቱ ተገለበጠ ማለት ነው! እኔ ስድስት ልጅ ሳሳድግ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም!»

«ሳያጠፉ ቀርተው ነው ጋሼ?» አለቻቸው ዙሃራ ረጋ ብላ።

ጋሽ ይማም እጃቸውን ታጠቡ፣ ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለኒስሪን ሰጧት።

«አንዋር የሚለውን ደውይልኝ እስቲ።»

አንዋር ፐርዝ የሚኖረው የበኩር ልጃቸው ነው፤ አምሳ ዓመት አልፎታል። የጋሽ ይማም ስልክ ሁልጊዜ በከፍተኛ ድምፅ ስለሚሠራ ሁሉም ሰማ።

«አንዋር፣ ልጄ፣ ያኔ… ትንሽ ልጅ ሳለህ… ርግቦችህን ገበያ አውጥቼ ሸጥኩብህ። ጫማ ልገዛልህ ብዬ ነበር። ግን ያንተ ነበሩ። አልጠየቅኩህም። አፉ በለኝ።»

ከወዲያ በኩል የአንዋር ድምፅ ቤቱን አናወጠው።

«አባ! ምን ሆነህ ነው? አሞሃል እንዴ? ሐኪሙ ምን አለህ? ማነው አጠገብህ ያለው? ስልኩን ስጣቸው! አምቡላንስ ተጠርቷል?»

ሁሉም በሳቅ ወደቁ፤ ሳላሀዲን ትን አለው። ጋሽ ይማም ብቻ አልሳቁም።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ወላሂ ደህና ነኝ። አንድም ነገር አልሆንኩ። አሥራ አንዱንም ርግብ ነበር አይደል የሸጥኩብህ?»

«አሥራ ሁለት ነበሩ አባ፤» አለ አንዋር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከአርባ ዓመት በኋላም ቁጥራቸውን አልረሳም። ሳንጠይቃቸው የነካንባቸውን ነገር ልጆች ይረሱታል አንበል፤ ትልቅ ሰው ሆነውም ያስታውሱታል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የምንለው ለአስተማሪና ለአለቃ ብቻ አይደለም፤ ለገዛ ልጃችንም ነው። አጥፍተንም ከተገኘን፣ ጤነኞች ሳለን ይቅርታ እንጠይቃቸው፤ ሲሰሙን ልንሞት ነው ብለው እንዳይደነግጡ።